አዲስ ጽሑፍህን ማን ያገኘዋል?

አንባቢዬ ሆይ፤ አንተ ስል አንቺንም እኅቴን መጨመሬ ከዚህ ቀደም የተነጋገርንበት ነውና አትቀየሚኝ። ዛሬ የማጫውትህ ጽፎ ስላልተነበበ ሰው ነው። ጽፎ አለመነበብ ተጣርቶ «አቤት» የሚል እንደ ማጣት ነው። ነገሩ ደርሶብህ እንደ ሆነ ታውቀዋለህ፤ ካልደረሰብህም አንድ ቀን ብዕር ስታነሣ ይደርስብህ ይሆናል።

ከሦስት ወር በፊት በአንድ ቅዳሜ፣ ከቀትር በኋላ፣ ፒያሳ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለ ቡና ቤት ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠጣ፣ አንድ የማውቀው ወጣት ገብቶ እጅ ነሣኝና ከፊቴ ተቀመጠ። ልጁ ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ማታ ይማራል። ተወልዶ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ነው። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተበተነ፤ አንዳንዱ ገላን ጉራ፣ አንዳንዱ ቦሌ አራብሳ ገባ፤ አንዳንዱም የት እንደ ደረሰ ሳይታወቅ ቀረ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር» አለና ስልኩን አውጥቶ ከጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ስለ ሰፈራችን መጻፍ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። በኢንተርኔት አንድ ገጽ ከፍቼ 14 ጽሑፍ አውጥቻለሁ። ስለ እድራችን፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ፣ ስለ በዓሉ ሁሉ ጽፌአለሁ። ያነበበው ግን አራት ሰው ነው። አንዱ እኔ ነኝ፤ አንዷ እኅቴ ናት።»

«ሁለቱስ?» አልኩት።

«እነሱም እኔው ሳልሆን አልቀርም። በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተርና በጓደኛዬ ስልክ ከፍቼ አይቼው ነበር።»

እኔ ሳቅሁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ለምን እንደሚጽፍ ስጠይቀው ነገሩን ዘረዘረልኝ። ከቤታቸው አጠገብ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እማማ ነበሩ። እናቱ ሥራ ስትውል ምሳ የሚያበሉት፣ ዝናብ ሲመጣ የሚያስጠልሉት እሳቸው ነበሩ። ሰፈሩ ሲፈርስ ልጁ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄዶ ነበር፤ ሲመለስ ቤቱም የለም፣ እማማም የሉም፤ ስልካቸውም አይሠራም። «ከጎረቤቶቻችን አንዱ ዶሮ ማነቂያ ብሎ በስልኩ ሲፈልግ ጽሑፌን ቢያገኘው፣ እማማ የት እንዳሉ ይነግረኛል ብዬ ነው የጀመርኩት። እኔ ራሴ ስፈልገው ግን አላገኘውም» አለኝ።

እውነትም ስሙን ጽፈን ብንፈልግ ብዙ ነገር መጣ፤ የሱ ጽሑፍ ግን አልነበረበትም። ስለዚህ የዚያን ዕለት እስኪመሽ ድረስ 14ቱን ጽሑፎች አንድ በአንድ መረመርናቸው። ያገኘነውን ጉድለትና መድኃኒቱን ነው ዛሬ የምነግርህ።

ገበያው የት ነው?

በድሮው ዘመን በአዲስ አበባ አንድ ነገር ለሕዝብ እንዲሰማ የፈለገ ሰው ወደ አራዳ ይሄድ ነበር። ገበያው በጊዮርጊስ ዙሪያ ይቆም ነበርና፣ ወሬ የሚለዋወጠውም አዋጅ የሚሰማውም ሰው ከተሰበሰበበት ቦታ ነበር። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን በያዙበት ጊዜ ግን የአገሬውን ገበያ ወደ መርካቶ አዛወሩት፤ አራዳም ፒያሳ ተባለ፤ ትርጓሜውም በቋንቋቸው አደባባይ ማለት ነው። እንግዲህ ገበያው ከሄደ በኋላ በቀድሞው ቦታ ቆሞ «በግ! በግ!» የሚል ነጋዴ ቢኖር፣ በጉ ምንም ቢሰባ ገዢ አያገኝም።

የጽሑፍም ገበያ እንዲሁ ቦታውን ለውጧል። ዛሬ ተማሪ አንድ ነገር ማወቅ ሲፈልግ መጽሐፍ ቤት ከመሄዱ በፊት ስልኩን ይጠይቃል። ስልኩም ጥያቄውን ጎግል ወደሚባለው፣ ወይም ቢንግን ወደ መሰለ ሌላ ፈላጊ መኪና ይልከዋል። ይህ መኪና የማያውቀው ጽሑፍ ቢኖር ለጠያቂው እንዳልተጻፈ ይቈጠራል። ስለዚህ የሚጽፍ ሰው ሁሉ የመኪናውን ጠባይ ጥቂት ማወቅ አለበት።

መኪናው እንደ መዝገብ ቤት ነው

ብዙ ሰው በስልኩ ጥያቄ ሲጽፍ፣ መኪናው ያን ጊዜውኑ ዓለምን ዞሮ ፈልጎ የሚያመጣለት ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። መኪናው ቀደም ብሎ ሦስት ሥራ ይሠራል፤ ይዞራል፣ ይመዘግባል፣ ይመርጣል።

ሲዞር፣ ከአንዱ ገጽ ወደ ሌላው የሚወስደውን ማያያዣ እየተከተለ ይሄዳል፤ ስለዚህም ባለሙያዎቹ ዟሪውን ሸረሪት ይሉታል። ሲመዘግብ፣ ያነበበውን ገጽ ቃላት በትልቅ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ሲመርጥ፣ ጠያቂው ለጻፈው ቃል የሚስማሙትን ከመዝገቡ አውጥቶ፣ ይበልጥ ይጠቅማል የሚለውን ከላይ ያስቀምጣል።

መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንባቢ ይህን ወዲያው ትረዳዋለህ። የመጣ ደብዳቤ በገቢ መዝገብ ካልተጻፈ፣ ቁጥርም ካልተሰጠው፣ ምንም እንኳ ፋይሉ በመደርደሪያው ላይ ቢኖር ባለ ጉዳይ ሲመጣ «የለም» ይባላል። ደብዳቤው አልጠፋም፤ መዝገቡ ግን አያውቀውም። የዚህም ልጅ ነገር ይኸው ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኖ የራሱን ጽሑፍ ሳያስመዘግብ መቅረቱን ስነግረው፣ ያን ጊዜ እሱም ሳቀ።

መጀመሪያ መመዝገብህን እይ

መመዝገብህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። በመፈለጊያው ሣጥን ውስጥ ሳይት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በላቲን ፊደል ጻፍ፤ ሁለት ነጥብ አስከትል፤ ከዚያም ክፍተት ሳትተው የገጽህን አድራሻ ጨምር። መኪናው በመዝገቡ ካሉት ከአንተ ገጾች ያሳይሃል። ምንም ካላመጣ ግን ነገርህ ገና ከመግቢያው በር ላይ ነው ማለት ነው።

የልጁ ገጽ አንድም አልመጣም። ምክንያቱን ብንፈልግ፣ ገጹን በከፈተበት ጊዜ በማስተካከያው ውስጥ ፈላጊ መኪናዎች እንዳይመዘግቡት የሚያዝዝ አንድ ትንሽ ሣጥን ላይ ሳያውቅ ምልክት አድርጎ ኖሯል። ስድስት ወር ሙሉ በሩ ላይ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽፎ፣ «ምነው ሰው ጠፋ» ይል ነበር ማለት ነው። አንተም ገጽ በከፈትህበት ቀን መጀመሪያ ይህን እይ።

ከዚያ ቀጥሎ፣ ጎግል ለባለ ገጾች ያዘጋጀው ሰርች ኮንሶል የሚባል አገልግሎት አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ገጹ ያንተ መሆኑን ካረጋገጥህ በኋላ የገጾችህን ዝርዝር፣ ማለት ሳይትማፕ የሚሉትን፣ በዚያ ታስገባለህ። ይህም ፋይልህን ለመዝገብ ቤቱ በእጅህ እንደ ማድረስ ነው። የሆነ ሆኖ መኪናው እስኪመጣ ጥቂት ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ጥቂት ሳምንት ይፈጃል። በየሰዓቱ መልሰህ ብታመለክት አይፈጥንልህም። በየመስኮቱ እየተመላለሰ «ጉዳዬስ?» የሚለውን ባለ ጉዳይ ታውቀዋለህ፤ እንደሱ አትሁን።

ፊደሉ ፊደል ይሁን

ሁለተኛው ጉድለት ለእኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተለየ ስለ ሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርህ።

ከ14ቱ ጽሑፎች አምስቱ ጽሑፍ አልነበሩም፤ ፎቶግራፍ ነበሩ። ልጁ ፊደሉ እንዲያምርለት ብሎ በጌጠኛ ቅርጽ ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሥዕል አድርጎ ነበር የለጠፈው። ለዓይን ያማረ ነው፤ ፈላጊው መኪና ግን በሥዕል የተሣለውን የአማርኛ ፊደል እንደ ጽሑፍ ያነብበዋል ብለህ አትመካ። ስለዚህ ጽሑፍ ከሆነ በፊደል ይጻፍ። ፎቶግራፍ ከሆነ ደግሞ ከሥሩ ማን፣ የት፣ መቼ የሚለውን በቃል ግለጽ፤ «ፎቶ አንድ» ማለት ለሰውም ለመኪናም ምንም አይነግርም።

ከቀሩት ደግሞ ሁለቱ ሲነበቡ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድብልቅ ሆነው ተገኙ። እነዚህን ልጁ የገለበጣቸው ከአንድ አሮጌ የእድር ሰነድ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው። ቀድሞ በአገራችን የአማርኛን ፊደል ለኮምፒዩተር ያዘጋጁት ባለሙያዎች የተባበረ ሥርዓት ስላልነበራቸው፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ በላቲኑ ፊደል ቦታ ላይ የግእዙን ቅርጽ ያስቀምጡ ነበር። በዓይን ሲታይ «ሀ» ነው፤ ከውስጥ ግን ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው ሌላ ፊደል ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ገባና ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታም ኒያላ የሚባለውን የግእዝ ፊደል ይዞ መጣ። ዛሬ በስልክህ የምትጽፈው በዚሁ በዩኒኮድ ነው። ነገር ግን ከአሮጌ ሰነድ ስትገለብጥ፣ የገለበጥኸውን ወደ ስልክህ ልከህ መነበብ አለመነበቡን አስቀድመህ እይ።

ሦስተኛው ነገር ስለ ሞክሼ ፊደሎች ነው። ለእኛ ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐና ብዙኃኑ ኀ በአንድ ድምፅ የሚነበቡ ናቸው። ለመኪናው ግን የመጀመሪያው ቁጥሩ 1200፣ ሁለተኛው 1210፣ ሦስተኛው 1280 ነው። ቁጥራቸው ከተለያየ፣ አንድ መሆናቸውን ሰው ካላስተማረው በቀር መኪናው ከራሱ አያውቅም። እስቲ «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ተመልከት። የመጀመሪያውን ፊደል በጸሎቱ ጸ ወይም በፀሐዩ ፀ መጻፍ ይቻላል፤ መካከለኛውን ደግሞ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያለ ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ይጽፈዋል። ሁለት ጊዜ ስድስት 12 ነውና፣ አንዱ ቃል 12 ዓይነት አጻጻፍ አለው ማለት ነው። የፒያሳው ሠራተኛ ሰፈርስ? በንጉሡ ሠና በእሳቱ ሰ ብቻ አራት ዓይነት ይሆናል።

ልጁም ዶሮ ማነቂያን አንድ ጊዜ «ማነቂያ» ሌላ ጊዜ «ማነቅያ» እያለ ጽፎት ነበር። እንግዲህ ምን ይደረግ? የአባቶቻችንን ፊደል ጣለው አልልህም። በጽሑፍህ ውስጥ አንዱን አጻጻፍ መርጠህ እስከ መጨረሻው ያዝ። ሰው የሚያዘወትረው ሌላ አጻጻፍ ካለ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «አንዳንዶች እንዲህ ብለው ይጽፉታል» ብለህ አስገባው። ፒያሳን በላቲን ፊደል አንዱ በሁለት ኤስ፣ ሌላው በሁለት ዜድ ይጽፈዋል፤ ውጭ አገር ያለው ወንድምህ የአማርኛ ፊደል በስልኩ ላይ ላይኖረው ይችላልና፣ ይህንንም አንድ ጊዜ መጥቀስ አይከፋም።

በዚህ ላይ የቋንቋችን ጠባይ ራሱ አለ። እኛ «በፒያሳ፣ ከፒያሳ፣ የፒያሳ፣ ፒያሳንም» እያልን ስሙን ከፊትና ከኋላ እናለብሰዋለን። ጠያቂው ግን የሚጽፈው ባዶውን «ፒያሳ» ብሎ ነው። ስለዚህ ቢያንስ በአርእስቱና በመጀመሪያዎቹ መስመሮች ስሙን ሳታለብስ እንዳለ አስቀምጠው።

ቅኔው ለሰው፣ ሰሙ ለመኪናው

የልጁን አርእስቶች ባነብልህ ታደንቀዋለህ። «የጠፋው ጥላ»፣ «ወይ ጊዜ!»፣ «ትዝታ አንድ»፣ «ትዝታ ሁለት»። ያማሩ ናቸው። ነገር ግን አንድ ቦሌ አራብሳ የገባ የዶሮ ማነቂያ ሰው የድሮ ጎረቤቶቹን ሲፈልግ «የጠፋው ጥላ» ብሎ ይጽፋልን? እኛ በሰምና ወርቅ ያደግን ሕዝብ ነን፤ ነገርን ሸፍኖ መናገር የዕውቀት ምልክት ይመስለናል። ፈላጊው መኪና ግን ሰሙን እንጂ ወርቁን መፍታት አልተማረም። የሚያየው የተጻፈውን ቃል ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን አርእስት «ዶሮ ማነቂያ፤ የወፍጮ ቤቱ ጎረቤቶችና እድራቸው» ብለን ለወጥነው። «የጠፋው ጥላ» አልተጣለም፤ በጽሑፉ ውስጥ ገብቶ ቦታውን አገኘ። የጽሑፉም መግቢያ ሰማዩን ከሚገልጽ ይልቅ ሰፈሩ በአራዳ ክፍለ ከተማ፣ በፒያሳ እንደ ነበረ፣ በ2016 ዓ.ም. እንደ ፈረሰና ጽሑፉ ስለ እነማን እንደ ሆነ እንዲናገር ሆነ።

ሰው በምን ቃል እንደሚፈልግ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያሻም። ለአምስት ሰው፣ «ይህን ነገር ብትፈልግ ስልክህ ላይ ምን ብለህ ትጽፋለህ?» ብለህ ጠይቅ። ያለ ምክር የሚመልሱልህ ቃል፣ አርእስትህ ውስጥ መግባት ያለበት ቃል ነው። ደግሞም ፒያሳ ስትቀጣጠር የቤት ቁጥር አትናገርም፤ «ሲኒማ ኢትዮጵያ በር ላይ» ወይም «ጣይቱ ሆቴል ጋ» ትላለህ እንጂ። በጽሑፍህም ሰው በአፉ የሚጠራውን ምልክት አስገባ። ኋላ ገጽህ ሲመዘገብ፣ ያው ሰርች ኮንሶል ሰዎች በምን በምን ቃል እየፈለጉ እንዳገኙህ ይነግርሃል፤ በዚያም እየታረምህ ትሄዳለህ።

ዋስ ጥራ

እ.ኤ.አ. በ1998 ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን የተባሉ ሁለት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጎግልን ሲያቋቁሙ መሠረት ያደረጉት ሐሳብ ለእኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። አንድ ገጽ ወደ ሌላው ገጽ የሚመራ ማያያዣ ካስቀመጠ፣ መስክሮለታል ማለት ነው አሉ። የመስካሪውም ክብደት ይለያያል፤ ብዙዎች የመሰከሩለት ገጽ ራሱ ሲመሰክር ቃሉ ይከብዳል። በአገራችንስ ብድር የጠየቀ ሰው «ዋስ ጥራ» ይባል የለምን? ያውም የታወቀ ዋስ! ዛሬ መኪናው ብዙ ሌላ ነገርም ይመዝናል፤ ምስክርነቱ ግን አልቀረም።

የልጁ ገጽ አንድም ዋስ አልነበረውም። ስለዚህ ስለ ድሮ አዲስ አበባ የሚጽፉ ሌሎች ሰዎችን ፈልጎ፣ ጽሑፋቸውን አንብቦ፣ ከራሱ ወደ እነሱ ማያያዣ አደረገና በትሕትና ደብዳቤ ላከላቸው። ለሦስት ጻፈ፤ አንዱ መለሰለት፤ ማያያዣም አደረገለት። አንድ እውነተኛ ምስክር ከመቶ የሐሰት ምስክር ይበልጣል። «በገንዘብ መቶ ማያያዣ እንሸጥልሃለን» የሚሉህ ግን የሐሰት ምስክር ሻጮች ናቸው፤ መኪናውም የሐሰት ምስክር ሲያውቅ ይቀጣል።

የገዛ ጽሑፎችህንም እርስ በርሳቸው አያይዛቸው። ስለ እድሩ የጻፍኸው ስለ ወፍጮ ቤቱ ወደ ጻፍኸው ይምራ። ሸረሪቷ በድሩ ላይ ነውና የምትሄደው፣ ክር ያልደረሰው ጽሑፍ ተነጥሎ ይቀራል።

ቤት ስትለቅ ምልክት ተው

አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ አጠገብ ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲዛወር፣ ብዙ ገዢ በልማዱ ወደ አሮጌው ቦታ ሄዶ ባዶ እጁን ተመልሷል። አንተም የገጽህን አድራሻ ስትለውጥ ከአሮጌው ወደ አዲሱ የሚመራ ትእዛዝ ተው፤ አለዚያ ያፈራኸው ምስክር ሁሉ ፈርሶ ከቀረ ቤት በር ላይ ይቆማል። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ1996 የተመሠረተው ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባል ድርጅት የገጾችን ቅጂ ያኖራል፤ ማንም ሰው ገጹ እንዲቀመጥለት ያለ ክፍያ ማስገባት ይችላል። ቤት ሲፈርስ ያየ ሰው የዚህን ጥቅም ያውቃል።

ከዚህ ተጠንቀቅ

አንደኛ፣ «በአንድ ሳምንት ከሁሉ በላይ አወጣሃለሁ» የሚልህን ሰው አትመነው። ጎግል ራሱ የመጀመሪያውን ቦታ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አይችልም ይላል። ሁለተኛ፣ አንድን ቃል በየመስመሩ አትደጋግም። «ዶሮ ማነቂያ ዶሮ ማነቂያ» እያለ ገጹን የሚሞላ ሰው መኪናውን አያታልልም፤ አንባቢን ግን ያባርራል። ሦስተኛ፣ ገጽህን በከባድ ሥዕል አታጭቀው፤ አብዛኛው አንባቢህ በስልክ፣ በተቈጠረ የኢንተርኔት ጥቅል ነው የሚያነብህ። አራተኛ፣ ጽሑፍህን በተዘጋ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ብቻ አታስቀር፤ በዚያ ያለውን ወዳጆችህ ያነቡታል፤ ፈላጊው መኪና ግን አይገባበትም።

በዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር መጥቷል። ፈላጊ መኪናዎች አሁን ገጽ መጠቆም ብቻ ሳይሆን፣ በሰው ሠራሽ አእምሮ ራሳቸው መልስ አዘጋጅተው ከላይ ያቀርባሉ። ይህ መልስ የሚቀዳው ሰዎች ከጻፉት ነው። እንግዲህ አስብ፤ ስለ ሠራተኛ ሰፈር፣ ስለ እሪ በከንቱ፣ ስለ ዶሮ ማነቂያ ነዋሪው ራሱ በአማርኛ በትክክል ጽፎ ካላስቀመጠ፣ የነገ ልጅ ሲጠይቅ መኪናው ከየት አምጥቶ ይመልስለታል? ወይ «አላውቅም» ይላል፤ ወይም፣ የባሰው፣ የማያውቀውን እንደሚያውቅ ሆኖ ይናገራል።

የልጁ ነገር የት ደረሰ?

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ በዚያው ቡና ቤት ተመልሶ መጣ። ስሙን ጽፈን ብንፈልግ ጽሑፉ ወጣ። ከላይ አይደለም፤ በሁለተኛው ገጽ ከወደ ታች። «ዶሮ ማነቂያ እድር» ብለን ስንጽፍ ግን ከላይ ሦስተኛ ሆነ። አንባቢዎቹም 31 ደርሰዋል። «ጥቂት ናቸው» አለኝ። እኔም፣ በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በአዲስ አበባ ካቫዲያስ የተባለው ግሪክ ይጀምረው የነበረው አእምሮ የሚባለው ጋዜጣ በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ይወጣ እንደ ነበር ነገርኩት። ስሙንም የሰጡት ዐፄ ምኒልክ ናቸው። በ24 ቅጂ ተጀምሮ በታሪክ የሚነሣ ጋዜጣ ካለ፣ 31 አንባቢ የሚናቅ አይደለም።

ከ31ዱም አንዲት ሴት ደብዳቤ ጽፋለታለች። ደብዳቤው የሚጀምረው በቍጣ ነው፤ የወፍጮ ቤቱን ባለቤት ስም ተሳስተሃል፣ እድሩም ማክሰኞ ሳይሆን እሑድ ነበር የሚሰበሰበው ትላለች። ሁለት ገጽ ሙሉ ስታርመው ቆይታ ከመጨረሻው መስመር ላይ፣ «እማማን ከጠየቅህ እዚህ ቦሌ አራብሳ ከእኛ ሕንፃ ሁለት ሕንፃ አልፈው ናቸው፤ ዓይናቸው ደከም ብሏል እንጂ ደኅና ናቸው፤ አንተንም ሁልጊዜ ያነሣሉ» ብላ የስልክ ቍጥር ጽፋለች።

ልጁ በማግሥቱ እሑድ ሊሄድ ነበርና ከፒያሳ አንድ ኪሎ ቡናና አንድ ሻሽ ገዝቶ በእጁ ይዞ ነበር። የእድሩን ቀን ማረሙን ግን ገና አላደረገውም። «መጀመሪያ እሱን አርም» አልኩት። ሰው አግኝቶ ያነበበው ጽሑፍ ስሕተቱም ይገኛልና።

አንተም አንባቢዬ ሆይ፣ የምታውቀውን ሰፈር፣ የምታውቀውን ሙያ፣ የአያትህን ወግ ጻፍ። በፊደል ጻፍ፤ በስሙ ጥራው፤ በሩን ክፈት፤ ዋስ ጥራ፤ ከዚያም ታገሥ። የሚፈልግህ ሰው በዚህች ሰዓት በአንድ ሩቅ ቦታ ተቀምጦ በስልኩ ላይ አንድ ቃል እየጻፈ ይሆናል። ያ ቃል በጽሑፍህ ውስጥ ይገኝ።

እስከ ሳምንት ደኅና ሰንብት።